አሥራ አራት ለሰባት

አራተኛው የአሳማ ጭን ከነትሪው በጓዳው በር ሲገባ ሎቲ ሳቅ አመለጣት።

«አሁን ይኼን ሁሉ ማን ሊጨርሰው ነው? ካዚ እንኳን ቢኖር…» ብላ ጀመረችና የተናገረችውን ስትሰማው አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ተዪው፣ ይምጣ» አሉ አክስቷ እትዬ ጀነቪቭ፤ ትሪውን ተቀብለው ከሦስቱ አጠገብ አሳረፉት። «የዚህ አገር ሰው ማዘኑን በምን ይንገርሽ? አፍ የለውም። ሥጋ ይዞ ይመጣል።»

ሐሙስ ነው፣ ከቀትር በኋላ። የሎቲ ወንድም ካዚ የሞተው ትናንት ረቡዕ ጠዋት ነው። ጓሮ በረዶ እየጠረገ ሳለ ያ የሚጥለው በሽታ ጣለው፤ አልተነሣም። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። አሁን ሳጥኑ ሳሎን ውስጥ፣ በመስኮቱና በሬዲዮው መካከል ተቀምጧል፤ ክዳኑ ክፍት ነው፤ መስተዋቱ ላይ አንሶላ ተጥሎበታል። እኛ በማርል ክሪክ የከሰል ሠፈር ሰዎች ሬሳችንን ከቤቱ ነው የምናወጣው። ሁለት ቀን እንጠብቀዋለን፣ በሦስተኛው እንቀብረዋለን። ኮረብታው ላይ ያሉት ሀብታሞች ሬሳቸውን ለቀብር አስፈጻሚ ድርጅት ሰጥተው ቤታቸው ይተኛሉ አሉ። ይመቻቸው።

የሎቲ ባል ብሩኖ ሳድላክ በሳሎኑ በር ላይ ቆሞ የእንግዳ ካፖርት ይቀበላል። ትከሻው በሩን የሚሞላ ሰውዬ ነው፤ ዳቦ ጫኝ መኪና ይነዳል። ሎቲን ካገባ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከካዚ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ኖሯል። በየማለዳው መኪናው ውስጥ ከጎኑ የሚቀመጠው ካዚ ነበር። የዳቦውን ሳጥን ያወርድለታል፤ ባለሱቆቹን በስማቸው ይጠራል፤ ስማቸው ሲጠፋው ደግሞ ሁሉንም «ጌታዬ» ይላል፤ ሴቶቹን ጨምሮ።

«ብሩኖ፣ ና እስቲ» አለች ሎቲ። ከመሳቢያው እርሳስና ያገለገለ ፖስታ አወጣች። «የመታሰቢያ ካርዱን ጽሑፍ ነገ እስከ ቀትር አምጡ ብሏል ማተሚያ ቤቱ። ከፊት የእመቤታችን ሥዕል ይሆናል። ከኋላ ስሙ፣ የተወለደበት፣ ያረፈበት። ከሥሩ ደግሞ ያቺን በየማለዳው የሚላትን ጻፍልኝ። የኔ ጽሑፍ አይነበብም።»

ብሩኖ እርሳሱን ተቀበለ። አልጻፈም።

ካዚ የሚላት ነገር ይህች ነበረች። ጠዋት ከአልጋው ይወርድና፣ ገና ጫማውን ሳያገኝ፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። «ካዝሚር ዎይታስ። ዓርብ። ከኦስዋልድ ጋር። አሥራ አራት ለሰባት። ደህና ነኝ፣ ዶክተር።» ሰኞም ዓርብ ነው፣ እሑድም ዓርብ ነው። ሎቲ «በሳምንት አንድ ቀን ልክ ይሆናል» እያለች ትቀልድበት ነበር።

«ሁሉም ባይሆን ‹ደህና ነኝ፣ ዶክተር› የምትለዋ ብቻ ትበቃለች» አለች። «ያኔ ሆስፒታል፣ ጭንቅላቱን ከፍተው፣ ጸጉሩን ላጭተውት ሲነቃ ለዶክተሩ ያላት ናት። ሌላው ሁሉ ሲጠፋው እሷ አልጠፋችውም። እኔን እስከ ዛሬ ያኖረችኝ እሷ ናት፣ ብሩኖ። ምርር ሲለኝ፣ እሱ ደህና ነኝ እያለ አንቺ ማነሽና ነው የምታማርሪው እላለሁ።»

ብሩኖ እርሳሱን ፖስታው ላይ አኖረው። «ኋላ እጽፈዋለሁ» አለ። «ሰው መጣ።»

እውነቱን ነው፣ ሰው መጥቷል። እነ ስቱሽ ናቸው፤ የድሮው ቡድን ልጆች። ልጆች እላለሁ እንጂ አሁንማ ሆዳቸው ከቀበቷቸው በላይ ወጥቷል። ስቱሽ ራሱ መጠጥ ቤት አለው፤ አንድ ጠርሙስ በካፖርቱ ውስጥ ሸጉጦ ነው የመጣው። ሳጥኑ አጠገብ ተንበርክኮ አማተበ፤ ሲነሣ ዓይኑ ቀልቷል።

«ቅዳሜ መቀበሩ ደግ ነው» አለ። «ቅዳሜ የኛ ቀን ናት።»

ስለ አሥራ ዘጠኝ መቶ አርባ ስምንቱ የኮሌጅ ቡድን ያልሰማ ሰው ከማርል ክሪክ አልወጣም ማለት ነው፤ እኛ ከጀመርን አፋችንን የሚይዘን የለምና። ዘጠኝ ጨዋታ፣ ዘጠኝ ድል። አራት መቶ ተማሪ ያላት የኮረብታ ሥር ኮሌጅ! ግማሾቹ ከጦርነቱ የተመለሱ፣ ግማሾቹ የከሰል ቆፋሪ ልጆች። ሜዳችን ሣር አያውቅም፤ የከሰል ጥራጊ ነው የተነጠፈበት። የወደቀ ሰው ሲነሣ ጉልበቱ ውስጥ ጥቁር ጠጠር ይዞ ይነሣል። በዚያ ላይ ነበር ካዚ ያቺን ሞላላ ኳስ በብብቱ ሸጉጦ የሚፈተለከው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ቀጭን፣ ጆሮው ትልቅ። ካፒቴኑ ብሩኖ ፊት ፊቱ እየሮጠ የመጣውን ሁሉ በትከሻው ያነጥፍለታል። ጦርነት አይቶ የመጣ ስለሆነ ከሁሉም ይበልጥ የሚሰሙት እሱን ነበር፤ ከአሰልጣኙም በላይ።

«ፊት ፊቱ ይሮጣል ትላላችሁ» አለ ስቱሽ ጠርሙሱን እያዞረ። «ካዚ እኮ መስመሩን አልፎ ውሃ ሲጠጣ ብሩኖ ገና የጫማውን ክር ያስር ነበር!»

ሳሎኑ በሳቅ ሞላ። እትዬ ጀነቪቭ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ኧረ እናንተ ሰዎች! ሬሳ ፊት!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለመሆኑ የመጨረሻው ስንት ለስንት ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«ሃያ ለአሥራ ሦስት፣ እትዬ!»

«እንዲያ ነው እንጂ» አሉና ተመለሱ።

ሎቲ ቡና ይዛ መጣች። ከትናንት ወዲህ ፊቷ ትንሽ ፈታ ያለው አሁን ነው፤ ወንድሟን እንደዚያ፣ እንደ ሯጭ፣ የሚያስታውሰው ሰው መኖሩ ደስ ብሏታል። ለስቱሽ ስትቀዳለት ስለ ካርዱ ነገረችው። «ከሥሩ ‹ደህና ነኝ፣ ዶክተር› ብለን ልናሳትም ነው» አለችው።

ስቱሽ ፊቱ በርቶ፣ «እሷማ የካፒቴን…» ብሎ ጀመረ። ቀና ሲል ዓይኑ ከብሩኖ ዓይን ጋር ተጋጨ። ምላሱን ዋጠ። «የካፒቴን ቡና ወፍራም ነው ልል ነው» አለ። «አመሰግናለሁ፣ ሎቲ።»

ሎቲ አንዴ እሱን፣ አንዴ ባሏን አየች። ከዚያ የሚቀጥለውን ስኒ ቀዳች።

በረንዳው ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። ስቱሽ ብሩኖን ክንዱን ይዞ ነው ያወጣው።

«አታውቅም?»

«አታውቅም።»

«አንተ ሰውዬ፣ አሥራ ሦስት ዓመት?»

«ታዲያ መቼ ልንገራት? በሠርጋችን ቀን?»

ስቱሽ በረንዳው ላይ የተቆለለውን በረዶ በጫማው ጫፍ ነካካ። «ተወው በቃ፣ ይታተም» አለ። «ለሷ መጽናኛ ከሆናት ማንን ይጎዳል?»

«ካርዱ ለሁላችሁም ይታደላል፣ ስቱሽ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሃያ ሰው ሆናችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ። ሃያችሁም ከየት እንደመጣች ታውቃላችሁ። ምንም የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። ባጠገቧ እኔ።»

ስቱሽ በሩን ከፈተለት። «በል ግባ፣ ትታመማለህ» ብቻ አለው።

ከየት እንደመጣች እኔ ልንገራችሁ።

በዚያ ዓመት በኅዳር፣ ከኦስዋልድ ኮሌጅ ጋር በተደረገው ስምንተኛ ጨዋታ፣ ካዚ ኳስ ይዞ ሲወድቅ የአንዱ ጉልበት ጆሮ ግንዱን አገኘው። ተነሥቶ ጨዋታውን ጨረሰ። በማግስቱ ግን ብርሃን አላስቆመው አለ። የበላውን ይመልሳል፤ አንድ ጥያቄ አምስቴ ይጠይቃል። የኮሌጁ ሐኪም ዶክተር ፐርዲ ደግ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች በየዓርቡ ይመረምራሉ። አራት ጥያቄ አላቸው፤ ሁልጊዜ አራት፣ ሁልጊዜ እነዚያኑ። ስምህ ማነው? ዛሬ ምን ቀን ነው? ባለፈው ከማን ጋር ተጫወታችሁ? ስንት ለስንት? አራቱን የመለሰ በማግስቱ ይሰለፋል።

ጥያቄው የታወቀ ፈተና ማን ይወድቃል? ልጆቹ የተመታውን ጓደኛቸውን እየያዙ ያስጠኑት ነበር። ነውርነቱ ለማንም አልታየም። ይሳሳቁበት ነበር እንጂ። የማስጠናቱ ሥራ ደግሞ የካፒቴኑ ነበር፤ ከሱ በፊት የነበረውም ካፒቴን፣ ከዚያ በፊት የነበረውም እንዲሁ አድርገዋል። ብሩኖ በዚያ ዓመት ብቻ ሦስት ልጅ አስጠንቶ አሳልፏል፤ ሦስቱም ምንም አልሆኑም።

«አስጠናኝ፣ ብሩኖ» አለው ካዚ። «ቅዳሜ ከፕሮፌሽናል ቡድን ሰዎች ሊያዩኝ ይመጣሉ አሉ። ካልተሰለፍኩ እኮ አለቀልኝ፤ ከአባቴ ጋር የከሰል ጉድጓድ ነው የምገባው።»

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ፣ ከማሞቂያው ጀርባ፣ አራት ቀን አስጠናው።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ኦስዋልድ» አለ ካዚ።

ብሩኖ ሳቀ። አዎ ሳቀ፤ ካዚም አብሮት ሳቀ፤ ምን እንደሚያስቅ ግን አልገባውም ነበር። ያ ሳቅ ነው ብሩኖን ዳቦ ጭኖ ሲሄድ አንዳንዴ መኪናውን ዳር አስይዞ የሚያስቆመው። ካዚ ከጎኑ ተቀምጦ «ደረስን እንዴ?» ይለዋል።

ሐሙስ ዕለት ካዚ ሁሉንም በተርታ ያዛት። ብሩኖ ግን አልበቃውም። «እንደ ቆርቆሮ አትንኳኳ፤ ፈገግ በል» አለው። «ስትጨርስ ‹ደህና ነኝ፣ ዶክተር› በላቸው። ደስ ይላቸዋል።» ያቺ ከፈተናው ውጪ ነበረች። ከራሱ ነው የጨመራት።

ዓርብ ካዚ አለፈ። በዚያው ዕለት አሥር ሰዓት ላይ ብሩኖ ሎቲ በምትሠራበት የሸሚዝ ፋብሪካ በር ሲያልፍ ቆማ ስትጠብቀው አገኛት። ያኔ እንኳንስ ባልና ሚስት ሊሆኑ፣ በደንብም አይተዋወቁም።

«አንተ ካፒቴኑ አይደለህ? ካዚ ትናንትም ሾርባውን መለሰው። እኔ ስጠይቀው ይሸውደኛል። አንተ ንገረኝ፤ ደህና ነው?»

«ዛሬ ዶክተር አይቶታል» አለ ብሩኖ። «ደህና ነው።»

በማግስቱ፣ በጨዋታው ሦስተኛ ሩብ ላይ፣ ካዚ ሮጠ፤ ነኩት፤ ወደቀ። ጠንካራ ምት እንኳን አልነበረም። ብድግ ብሎ ወደ ተቃራኒው ቡድን ወንበር መራመድ ጀመረ፤ ሰዉም ሳቀ። ከዚያ መስመሩ ላይ በጎኑ ጋደም አለ፤ እንቅልፉ የመጣ ሰው ይመስል ነበር። ጨዋታው ቀጠለ፤ አሸነፍን። ሎቲ ሜዳውን አቋርጣ ወደ አምቡላንሱ ስትሮጥ፣ ብሩኖን ደግሞ ሰዎች በትከሻቸው ተሸክመውት እየጨፈሩ ነበር። ከላይ ሆኖ አያት፤ ውረድ ውረድ ቢለውም እግሩን አልለቀቁትም። ኋላ ሲጣራ ከፕሮፌሽናል ቡድን የመጣ አንድም ሰው አልነበረም፤ ወሬ ነው።

ሰዉ ሁሉ የዚያን ቀን ምት ነው ብሎ ደመደመ። ዕድሉ ነው፣ የእግዜር ቁጣ ነው ተባለ። ብሩኖ በየሳምንቱ ሊጠይቀው ይመጣ ጀመር፤ በዚያው ሎቲን ለመደ፤ በሁለተኛው ዓመት አገባት። ሠፈሩ ሁሉ «ምን ያለ ጨዋ ሰው ነው! አእምሮው የተጎዳ ወንድሟን ከነችግሩ ተሸከመላት» አለ። ሎቲም እንደዚያ ነበር የምትለው፤ እንግዳ ፊት ሳይቀር። እሷ ስትለው ብሩኖ ከክፍሉ ይወጣል።

ዓርብ ጠዋት ብሩኖ ገና ሲነቃ ጆሮውን ጥሎ ጠበቀ። ከማዶ ክፍል የሚሰማ ነገር የለም። አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ አለቀሰ፤ ማልቀሱን ያወቀው ሸሚዙ ሲርስ ነው። እስከ ዛሬ ያቺን ነገር በየማለዳው እየሰማ ሲሸማቀቅ ኖሯል፤ ዛሬ ግን አንድ ጊዜ ቢሰማት ምን በሰጠ ነበር።

አራት ሰዓት ሲሆን ለምድጃው ከሰል ሊያመጣ ምድር ቤት ወረደ። አካፋውን እንዳነሣ የደረጃው እንጨት ጮኸ። ሎቲ ናት። ፖስታው በእጇ ነው።

«ባዶ ነው» አለች። «እርሳሱ እንኳን አልነካውም። ምን ሆነሃል?»

«ሎቲ፣ ተቀመጪ።»

«የት? ከሰሉ ላይ?» አለች፤ ነገር ግን ፊቱን ስታየው ቀልዷን ተወች። «ትናንት ስቱሽ አንድ ነገር ሊል ሲል አፈጠጥክበት። አይቻለሁ። ምንድነው?»

አሁን ቢዋሽ ይችላል። ቀላል ነበር፤ ሦስት ቃል ጽፎ ቢሰጣት ታምነዋለች፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው አብረው ይኖራሉ። ከነገራት ግን ከዚያ ደረጃ ወጥታ ልትሄድ ትችላለች፤ ከሷ ሌላ ደግሞ በዚህ ዓለም ማንም የለውም። ይኼ ሁሉ ታየው።

«‹ደህና ነኝ› የሚላት ሆስፒታል አይደለም የጀመራት» አለ።

«ታዲያ የት ነው?»

«ልብስ መቀየሪያው ክፍል። ማሞቂያው ጋ። ያስጠናሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገራት። የኦስዋልዱን ምት፣ አራቱን ጥያቄ፣ አራቱን ቀን፣ ሳቁን ሳይቀር። አካፋውን ተደግፎ መሬት መሬት እያየ ነው የተናገረው። ከላይ የእንግዶቹ እግር ወለሉን ያንኳኳል፤ የእትዬ ጀነቪቭ ድምፅ ስኳር አምጡ እያለ ይጣራል።

ሎቲ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር።

«ፋብሪካው በር ላይ ጠይቄህ ነበር» አለች።

«ጠይቀሽኛል።»

«ያን ቀን ጠዋት ጫማውን ደብቄበት ነበር፤ ታውቃለህ? ያንን ባለ ምስማር ጫማውን። የእናቴ ሣጥን ውስጥ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር። ቢቆጣ ይቆጣ፣ ነገ አይሄድም ብዬ ቆርጬ ነበር። አንተ ደህና ነው ስትለኝ ቤት ገብቼ አወጣሁለት። ቀለም ቀብቼ ነው የሰጠሁት፣ ብሩኖ። ይቅርታ አድርግልኝም ብዬዋለሁ።»

ብሩኖ ይህን አያውቅም ነበር።

«ለምኖኝ ነው» አለ፤ ከአፉ ሲወጣ ራሱ አፈረበት። «እባክህ አስጠናኝ ብሎ ለመነኝ።»

«ቀኑን የማያውቅ ልጅ ለመነኝ ትለኛለህ?»

ብሩኖ አካፋውን ከሰሉ ውስጥ ተከለው።

«እኔን ያገባኸኝ ለዚህ ነው?»

«መጀመሪያ ቤታችሁ የመጣሁት ለዚህ ነው። ያገባሁሽ ግን…»

«ተው።»

«ሎቲ፣ በናትሽ ስሚኝ፣ እኔ…»

«ተው አልኩህ። ቤቱ ሰው ሞልቶበታል።» ፖስታውን አጥፋ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተች። ደረጃውን ሁለት ሦስት እርምጃ ከወጣች በኋላ ቆመች፤ ፊቷን ግን አላዞረችም። «እኔ እኮ በሱ ነበር የምጽናናው» አለች። «ምንም ነገር አላስተረፍክልኝም።»

ማተሚያ ቤት ራሷ ሄደች፤ ካፖርቷን ሳትቆልፍ። ካርዱ ከሰዓት በኋላ ሲመጣ ከፊት እመቤታችን አለች። ከኋላ ስም፣ የተወለደበት ቀን፣ ያረፈበት ቀን። ከሥሩ ምንም የለም፤ ነጭ ነው።

በዚያን ዕለት የሠራችውን ስትሠራ ያየ ሰው ምንም ነገር የተፈጠረ አይመስለውም። ሥጋውን ቆረጠች፤ ዳቦውን ቀባች፤ አዛውንቶቹን ካፖርት አስለበሰች። አባ ሊዮናርድ መቁጠሪያ ሊያስደግሙ ሲመጡ ሁሉም ተንበረከከ። ብሩኖ ከጎኗ ቦታ ተትቶለት ስለነበር ሊንበረከክ ሲል እሷ ተነሥታ ከእትዬ ጀነቪቭ ማዶ ሄደች።

«ምን አስቀየመሽ?» አሏት እትዬ ጀነቪቭ በሹክሹክታ። «ሰውዬው ፊቱ አመድ መስሏል። ከባልሽ ጋር የምትኳረፊው ዛሬ ነው?»

«ደክሞኛል፣ አክስቴ።»

«ደክሞሻል! ለወንድምሽ የዋለውን ውለታ እንኳን…»

«አክስቴ፣ ጸልዩ» አለች ሎቲ። እንዲያ ባለ ድምፅ ተናግራቸው ስለማታውቅ አሮጊቷ ደንግጠው መቁጠሪያቸውን ስተው ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ስቱሽ ሲወጣ ብሩኖን በር ላይ ያዘው። «ነገርካት?»

«ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«ቤቱ ሰው ሞልቶበታል አለች።»

ስቱሽ ባርኔጣውን በእጁ አዞረ፣ አዞረ። «እኛም አለንበት እኮ» አለ። «ሁላችንም ስቀናል።» ይኼ ለብሩኖ ምን ሊጠቅመው? ትከሻውን መታ አድርጎት ወረደ።

ቅዳሜ ጠዋት መሬቱ በውርጭ ነጭ ሆኗል። ቀባሪው አቶ ፊርሊክ ጥቁር መኪናቸውን በር ላይ አቁመው በሁለት ሰዓት ገቡ። ስድስቱ ተሸካሚዎች ሳሎኑ ውስጥ ተሰለፉ፤ ብሩኖ ከፊት በቀኝ፣ ስቱሽ ከፊት በግራ፣ ከኋላቸው አራት የቡድኑ ልጆች። አቶ ፊርሊክ ከኪሳቸው ነጭ የጥጥ ጓንት እያወጡ ለየአንዳንዱ አደሉ። የሬሳ ተሸካሚ ያለ ጓንት የሳጥኑን መያዣ አይነካም። ብሩኖ እጁ ትልቅ ስለሆነ አቶ ፊርሊክ አውቀው ከሁሉ ሰፊውን አምጥተውለታል።

ሎቲ ወንድሟን ግንባሩን ሳመችው። ጸጉሩን ከጠባሳው ላይ መለስ አድርጋ እንደገና አለበሰችው። ክዳኑ ሲዘጋ ዓይኗን አልጨፈነችም። ከዚያ ዞረችና ብሩኖ ፊት መጥታ ቆመች። ከትናንት ጀምሮ ዓይኑን ስታየው ይኼ የመጀመሪያዋ ነው፤ ብሩኖም ልቡ ዘለለ።

«አውልቅ» አለችው።

«ምኑን?»

«ጓንቱን።»

ብሩኖ መጀመሪያ የቀኙን፣ ከዚያ የግራውን አወለቀና ሰጣት። እሷ ሁለቱንም አጠለቀች። ጣቶቿ ግማሽ ድረስ እንኳን አልደረሱም፤ ጫፎቹ ባዶአቸውን ተንጠለጠሉ። እሱ በቆመበት ቦታ ገብታ ቆመች።

«ወይዘሮ ሳድላክ፣» አሉ አቶ ፊርሊክ፤ «ይህ እንኳን የሴት…»

«በሩን ይክፈቱልን፣ አቶ ፊርሊክ።»

በማርል ክሪክ ሴት ሬሳ ስትሸከም አይተን አናውቅም። እትዬ ጀነቪቭ «ምን ጉድ ነው!» ብለው ደረታቸውን ያዙ። ስቱሽ ብሩኖን አየ፤ ብሩኖ ወለሉን ያያል፤ ስድስቱ ጎንበስ አሉ። ሲያነሡት ሳጥኑ በሎቲ በኩል ዘመመ፤ አጭር ናት። ስቱሽ ይህን ሲያይ ጉልበቱን አጠፍ አደረገ፤ ከኋላ ያሉትም እንደሱ አደረጉ፤ እንደዚያው ጎብጠው ወጡ።

ብሩኖ ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ሆኖ ተከተለ። እጆቹን ኪሱ ቢከት ነውር ሆነበት፤ ቢያንጠለጥላቸውም ከበዱት። ጎረቤቶቹ በየደጃፋቸው ቆመው ያያሉ፤ ለምን እንዳልተሸከመ ዛሬ ከቀትር በፊት ሠፈሩ ሁሉ ይጠያየቃል፤ የሚመልስለትም አያጣም።

የበረንዳው ደረጃ በውርጭ ያንሸራትታል። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ጓንቱ ከሎቲ እጅ እየሾለከ ወረደ። አቶ ፊርሊክ «እናሳርፈው፣ እናሳርፈው» አሉ። ሎቲ መያዣውን አልለቀቀችም። አንገቷን ደፋ አድርጋ የጓንቱን አፍ በጥርሷ ነከሰችና ወደ ክንዷ ሳበችው፤ ከዚያ የሚቀጥለውን ደረጃ ወረደች።